ቀዩና የወደቀው

ቡና ልማር ሆላንድ ልሄድ ነው ስል መጀመሪያ የሳቀብኝ ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው። ስኳር የሚመዝንበትን እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ "ቡና? ሆላንድ?" አለ። "እዚያ ቡና ይበቅላል እንዴ?" አይበቅልም አልኩት። "ታዲያ ማን ሊያስተምርሽ ነው?" እውነቱን ለመናገር ዛሬም አላውቅም። ግን ያን ሰሞን ልቤ አብጦ ስለነበር "ጋሼ፣ ሳይንስ ነው" ብዬ ዝም አሰኘሁት። ቴፒ ላይ ሳይንስ ከተባለ ሰው ዝም ይላል። እሱም ዝም ብሎ ስኳሩን አጉድሎ መዘነልኝ።

ቤታችን ከቴፒ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። እናቴ የሸኮ ልጅ ናት፤ የቡናው ማሳም የእሷ ነው። አባቴ ከቡና ጋር የነበረው ዝምድና ሲኒ እስከማንሳት ብቻ ነበር። እኛ ቤት ሁለት ዓይነት ቡና አለ፤ ቀዩና የወደቀው። ቀዩ ዛፉ ላይ እንዳለ በደንብ ሲበስል ፍሬ በፍሬ ተለቅሞ፣ በዚያው ዕለት በጀርባ ታዝሎ ማጠቢያ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ይሸጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ የለም። መኪና ይጭነዋል፣ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ባሕር ይሻገራል፣ አለቀ።

የወደቀው ደግሞ ስሙ እንደሚለው ነው። ዝናብና ንፋስ የጣለው፣ ጦጣ ቀምሶ የወረወረው፣ ከመሬት ይለቀምና ማድ ቤቱ ጥግ አፈር ላይ ይሰጣል። ዶሮ ይመላለስበታል፣ ጭስ ይጠጣል። እኛ የምንጠጣው እሱን ነው፤ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ሲገኝም ጤና አዳም ተነክሮበት። ቀዩን ቆልቶ መጠጣት ለሰርግ የተገዛን በሬ ለቁርስ እንደማረድ ነው። ኧረ ማንም አያስበውም።

የምሄድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ መናኸሪያ ድረስ ወጣ። አንዱ ቆሎ፣ አንዱ ማር፣ አንዷ ኮረሪማ ታሸክመኛለች። ሁሉም ደግሞ ምክር አለው፤ ሁሉም ፈረንጅ አገር ኖሮ የተመለሰ ይመስላል። "ብርዱን ተጠንቀቂ"፣ "ወንዱን ተጠንቀቂ"፣ "አይባቸው ይሸታል፣ እንዳትበይ"። እናቴ ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቀችና እጄን ይዛ ወደ ጎን ሳበችኝ።

"አንድ ነገር እይልኝ" አለችኝ። "ያ ቀዩ የት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚጠጣው፣ ሲጠጣውም ምን እንደሚል እይልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለቀምኩት፤ ምን ምን እንደሚል ግን አላውቅም።"

ባለፈው ኅዳር ዝናቡ አልቆም ብሎ፣ ቀዩ ዛፍ ላይ እንዳይበላሽባት ቀኑን ሙሉ እየበሰበሰች ነበር የለቀመችው። የያዛት ሳል እስከ ጥር አልለቀቃትም። እንግዲህ ይህቺ ሴት ከእኔ የፈለገችው ይኸን ብቻ ነው። ዲግሪ ይዘሽ ነይ አላለችኝም፣ ባል ይዘሽ ነይም አላለችኝም። "አያለሁ እማ" አልኳት፤ ሚኒባሱም ጥሩምባውን ነፋ።

ብርድ ማለት ለእኔ እስከዚያ ድረስ ደጋው ጌጫ ነበር። ልጅ ሆኜ ዘመድ ጥየቃ ጌጫ ሄደን፣ ሁለት ጋቢ ደርቤ ስንቀጠቀጥ ያደርኩትን ለጓደኞቼ እንደ ጀብድ ስተርክ ኖሬያለሁ። የሆላንድን ብርድ ስቀምስ ጌጫን ይቅርታ ጠየቅኳት። አገሩ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ እግዜር ዳገት መፍጠሩን ረስቶበታል። ዝናብስ ለቴፒ ልጅ ብርቋ አይደለም፤ ግን የእኛ ዝናብ መጥቶ፣ ደንፍቶ፣ መንገዱን አፍርሶ ይሄዳል፤ ይገላግልሻል። የዚያ አገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮሽ ሥር እንደሚነተርክ አማት ነው፤ ደህና አይዘንብ፣ ደህና አይተው። ሰዉም በዚያ ውስጥ በብስክሌት ይከንፋል፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ባለ ከረባቱ። ጎረቤታችን የቴፒን ባጃጅ ሹፌሮች ሌት ተቀን የሚረግመው ይህን ስላላየ ነው።

ወጥ ቤት የምንጋራ አንዲት የአገሩ ልጅ ነበረች። ደግ ነገር ናት፤ በአገሯ ደንብ። ገና እሑድ ዕለት ሻንጣዬን እንዳስቀመጥኩ "ቡና አብረን እንጠጣ" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። እሷ ስልኳን አወጣችና፣ "ሐሙስ ይመችሻል?" አለች። ወይ ጉድ! ቡና በቀጠሮ! እኛ ሰፈር ከእሑድ እስከ ሐሙስ ቡና ያልጠጣች ሴት ሞታለች ተብሎ በሯ ይሰበራል። ከወንበሩ ቀስ ብዬ ተነሳሁና ይመቸኛል አልኩ።

ሐሙስ ሲደርስማ የባሰ መጣ። የብስኩት ቆርቆሮ ከፍታ አቀረበችልኝ። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ "አይ፣ ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ" አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ አፌ ውስጥ የገባ ነገር አልነበረም። "እሺ" አለችና ክዳኑን ገጠመችው። እሺ! በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ፣ እጅ ይዞ መለማመጥ የለ! እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ሲከርም ብረት ይሆናል ይባላል፤ እዚያ ገና ከበሩ ብረት ሆነሽ ነው የምትገቢው። ቆርቆሮው ቁም ሣጥን ሲገባ በዓይኔ ሸኘሁት።

ሐሙስን አስቀድሜ አመጣሁት እንጂ ዋናው ጉድ የጀመረው ሰኞ ክፍል ስገባ ነው። መምህራችን ቀጭን፣ ረጅም፣ አባቴን የሚያህል ሰው ነው። "በስሜ ጥሩኝ" አለን። አባቴን የሚያህል ሰው በስሙ ልጥራ? አፌ እምቢ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው አጠገቡ ሄጄ ቆሜ እስል ነበር፤ ጉንፋን የያዘኝ መስሎት መድኃኒት ቤቱ የት እንደሆነ አሳየኝ።

እየዞረ ከየት እንደመጣን ሲጠይቅ እኔ ላይ ደረሰ። ኢትዮጵያ አልኩ። ከየት በኩል አለ። ቴፒ ስለው ዓይኑ በራ፤ ክፍሉን ሁሉ ወደ እኔ አዞረ። "ይህቺ ልጅ" አለ፣ "ቡና ከተፈጠረበት ደን ነው የመጣችው። የሁላችንም ምላስ ተሰብስቦ የእሷን አያክልም።" አጠገቤ የተቀመጠው ብራዚላዊ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ እጅ ነሳኝ። እኔም፣ ሳላፍር፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ምን ላድርግ፣ ሰው አክብሮ ሲያይ ደስ ይላል።

ቀጥሎ መርዶውን አረዳን። የቅምሻ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሁላችንንም አይችልም፤ ስለዚህ ዓርብ ፈተና አለ። ያለፈ ቡና ቀማሽ ለመሆን ይማራል። ያላለፈ ወደ ማሸጊያ ትምህርት ይዛወርና ስለ ጆንያ፣ ስለ ላስቲክና ስለ ካርቶን ይማራል። ደነገጥኩ። ከቡና ደን ተነስቼ፣ ሰፈር ሙሉ ሸኝቶኝ፣ ካርቶን ተምሬ ልመለስ? ጎረቤታችን ምን እንደሚል ከወዲሁ ተሰማኝ፤ "ካርቶንማ እኔ ሱቅ ጓዳ ሞልቶልሽ የለም እንዴ?" እናቴስ? ለእናቴ ምን እላታለሁ?

ቅምሻ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲኒዎች ይደረደራሉ። ስኳር የለ፣ ጨው የለ፣ ቆሎ የለ፣ ወሬ የለ። ሁሉም የየራሱን ማንኪያ ይዞ ይዞርና ከሲኒው ይጨልፋል፣ ከዚያ ሾርርር አድርጎ ይስባል። እኛ ቤት እንዲህ የጠጣ ልጅ በኩርኩም ነው የሚነሳው። ከሳበው በኋላ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ይተክዛል። ከዚያ ወደ ባልዲው፣ እትፍ!

ኧረ በስማም! ሰው ያቀረበልሽን ትተፊያለሽ? እኛ ዘንድ ይህ ማለት "መርዝ አድርገሽብኛል" ማለት ነው። ጎረቤት የሚያጣላ፣ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ቡና የምትቀዳዋ ሴት እንኳ መጀመሪያ ራሷ ፉት ትላለች፤ ምንም የለበትም፣ አትፍሩ ለማለት። እዚህ ግን የተማረ ሰው ሁሉ ባልዲ ከቦ ይተፋል፤ ደህና የተፋውም ይመሰገናል። እኔ አልተፋሁም። ያንን ሁሉ ሲኒ እየዞርኩ ዋጥኩት። ከምሳ በፊት እግሬ አንድ ቦታ አልቆም አለ። ብራዚላዊው "ደህና ነሽ?" ብሎ ሳይጨርስ መለስኩለት፤ ያልጠየቀኝንም ብዙ ነገር መለስኩለት። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጥሎኝ ጠፋ።

ማክሰኞ ደግሞ ጨው አመጣሁ። ምን ላድርግ፣ ሲኒዎቹ ሁሉ ምን ምን እንደሚሉ አልገባኝ አለ። ጨው የሌለው ቡና ምኑ ይቀመሳል? ካፊቴሪያ ያገኘኋት በትንሽ ወረቀት የታሸገች ጨው ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ቀደድኩና አንዷ ሲኒ ላይ ጣል አደረግሁ። ለራሴ ነው። ሲኒዎቹ የጋራ መሆናቸው፣ ሁሉም ከዚያችው እንደሚጨልፍ፣ ትዝም አላለኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ብራዚላዊው መጣ። ሳበ። ዓይኑን ጨፈነ። "የባሕር ነፋስ" አለ ቀስ ብሎ። ሌላዋ ቀመሰችና "እርጥብ ድንጋይ" አለች። ሦስተኛው ከሁሉም በልጦ "ማዕበል ከመጣ በኋላ ያለ የባሕር ዳርቻ" አለ። መምህራችን ገና ሳይቀምስ ከሩቅ ራሱን ነቀነቀና፣ ከእሳተ ገሞራ አፈር የሚበቅል ቡና እንዲህ ያለ ጠባይ እንደሚያመጣ አስረዳን። ሁሉም ጻፈ። እኔም ጻፍኩ። በመጨረሻ ራሱ መጣና ሳበ። ፊቱ እንደ አሮጌ ቁርበት ተኮማተረ።

"ይህ..." አለ።

"ጨው ነው" አልኩት ወረቀቷን እያሳየሁት። "ትንሽ ልጨምርልዎት?"

ባለ ባሕር ነፋሱ የማንኪያውን ጀርባ መመርመር ጀመረ። መምህራችን ሲኒዋን አንስቶ ራሱ አጠባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ እጅ የሚነሳኝ ሰው አልነበረም።

የጣዕም ስሞቹስ! እናቴ ለቡና ያላት ቃል ትንሽ ነው፤ "ደህና ነው"፣ "ውሃ ነው"፣ "አርሯል"፣ በቃ። እነሱ ጃስሚን ይላሉ፣ ፒች ይላሉ፣ የጫካ እንጆሪ ይላሉ፣ የወይን ቆዳ ይላሉ። ከእኛ አገር የመጣ ቡና ውስጥ አንድም የእኛ አገር ነገር የለም። ኮረሪማ የሚል የለ፣ ጥምዝ የሚል የለ፣ ሰኔ ላይ ደኑ ሲረጥብ የሚሸተው ሽታ የለ። ያላየሁትን ፍሬ ስም ከሌሎቹ አፍ እየቀማሁ ጻፍኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው እኔ ነኝ።

ረቡዕ ዕለት መምህራችን አንድ ከረጢት አመጣ። "ለእንግዳችን ክብር" አለና ወደ እኔ አየ። "ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፤ የታጠበ፣ አንደኛ ደረጃ።" ልቤ ዘለለች። ቀዩ! እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለቅማ ያልቀመሰችው ቀዩ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ጠብቆኛል። የእሷ እጅ የነካው ባይሆንም የእሷ ሰፈር ነው። ማንኪያዬን ይዤ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩና ሳብኩት።

ኮምጣጣ! ቀጭን፣ ኮምጣጣ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውሃ። አፌ ውስጥ ይዤው ቆምኩ። እንዲህ ሊሆን አይችልም አልኩና ደግሜ ሳብኩ፤ ያው ነው። ሌሎቹን አየሁ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ መምህራችን እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ "አበባ፣ አበባ ብቻ" ይላል። ከዚያ ጎንበስ አለና ወደ ባልዲው ተፋው። ሁሉም ተከተሉት። እናቴን አስልቷት የከረመው ያ ቀይ ፍሬ ባልዲ ውስጥ ሲንጣጣ ቆሜ ሰማሁ። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ብዬ ልቆጣ? ሥራቸው ነው። እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት።

"አሁን ደግሞ ይህችን" አለ መምህራችን ሌላ ሲኒ እየገፋ። ምን እንደሆነ አልነገረንም። ማንኪያዬ አፌ ከመድረሱ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ማድ ቤታችን ነው። ጭሱ፣ እርጥቡ አፈር፣ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ። ጨው ብቻ ይጎድለዋል። እንባዬ ሊመጣ ሲል ዋጥኩትና ጮክ ብዬ፣ "ምርጡ ይኸ ነው!" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። መምህራችን እንደ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ጉድለት ያለበት ቡና መሆኑን ነገረኝ። ከመሬት የተለቀመ፣ አፈር ላይ የደረቀ፣ ጭስ የገባበት። ለገበያ አይቀርብም፤ ተማሪ ጉድለትን እንዲያውቅ ብቻ ነው የሚቀመጠው። "ይህን የሚጠጣ ሰው የለም" አለ። የለም! እኔ አለሁ፣ እናቴ አለች፣ ከቴፒ እስከ ሚዛን ያለው ገጠር ሁሉ አለ! ይህን በልቤ ነው ያልኩት። በአፌማ "ገባኝ" ነው ያልኩት፤ ዓርብ ፈተና አለብኝ። መምህራችንም ስንበተን ለብቻዬ አስቀርቶ፣ የዓርቡ ሲኒ ብዙ ስለሆነ ካልተፋሁ እንደማልዘልቀው አስጠነቀቀኝ።

ያን ዕለት እናቴ ደወለች። "አገኘሽው? ቀዩን?" የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር። አገኘሁት አልኳት። "ሲጠጡት ምን ይላሉ?" አለች። "ዓይናቸውን ይጨፍናሉ እማ። አበባ አበባ ይላል ይላሉ።" "አበባ" አለች ለራሷ። ደስታዋ በስልክ ውስጥ ተሰማኝ። ባልዲውን አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ዓርብ ደረሰ። ፈተናው ቀላል ይመስላል፤ ሲኒ በሦስት በሦስት ተቀምጧል፣ በየሦስቱ አንዱ ከሁለቱ ይለያል። የሚለየውን መለየት፣ ጉድለት ካለበትም ጉድለቱን መጻፍ ነው። ብራዚላዊው ገና ሳይጀምር አልቦታል። ሌሎቹም እየሳቡ፣ እየተፉ፣ እየተመለሱ፣ እንደገና እየሳቡ ይዞራሉ። እኔ ማንኪያ ማንሳት እንኳ አላስፈለገኝም። ገና ጎንበስ ስል የእኛ ማድ ቤት ከመካከል ይጠራኛል። አንተ ነህ፣ አውቄሃለሁ፣ እያልኩ አለፍኩ።

የከበደኝ መጻፉ ነው። ጉድለት፣ አፈር። ጉድለት፣ ጭስ። እስክሪብቶውን ይዤ የእናቴ እጅ ታየኝ፤ ያ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ እጅ ሲኒ ሲያቀብለኝ። ካልጻፍኩት ካርቶን ነው፤ ጎረቤቴ ነው፤ መናኸሪያ ላይ የቀረው ሰፈር ሁሉ ነው። ጻፍኩት። ጽፌ ሳበቃ ግን በንዴት አንድ ነገር አደረግሁ፤ የወደቀው ባለበት ሲኒ ሁሉ እየተመለስኩ ዋጥኩት። አንዱንም አልተፋሁም። ሌላውን፣ ቀጭኑን፣ ኮምጣጣውን፣ እንደ እነሱ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ባልዲው ተፋሁት። መቼም ልቤ የሚችለው የተወሰነ ነው፤ አንዱ መተፋት ነበረበት።

አለፍኩ። ያውም ከሁሉም በላይ። መምህራችን እጄን ጨብጦ፣ "ጉድለትን እንዲህ የሚያውቅ ምላስ አይቼ አላውቅም" አለኝ። አሳድጎኝ ነው ልለው ነበር፤ ሳል ብቻ ወጣኝ።

እናቴ ጋ ስደውል ቤቱ ሙሉ ነበር። ዓርብ ፈተና እንዳለኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋኝ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይቀር ይሰማኛል። አለፍኩ ስል እልልታው ጆሮዬን ሊበሳኝ ደረሰ። ባለሱቁ ከኋላ፣ "እኔ ድሮም ብያለሁ!" ይላል፤ ምን እንዳለ አላስታወሰኝም።

"ምን ጠየቁሽ?" አለች እናቴ።

"የወደቀውን አቀረቡልን። ሌላው ሲቸገር እኔ ወዲያው አወቅኩት።"

"እኔ የማፈላውን ዓይነት?"

"ያንኑ።"

"በእኔ ቡና ነው ያለፈችው!" ብላ ወደ ቤቱ ጮኸች፤ እልልታው እንደገና ቀለጠ። ጉድለት የሚለውን ቃል በጥርሴ ያዝኩት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ስልኩን ልሰናበት ስል ግን፣ "ቆይ፣ ቀዩንስ?" አለች። "ለሁሉም ነገርኳቸውኮ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡታል ብያቸው። ከጠጡት በኋላስ ምን ይላሉ?" ሰፈሩ ሁሉ እኔን ይጠብቃል።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያላየሁ፣ ብርድ ያቆራመደኝ፣ ሆድ የባሰኝ ሰው ነበርኩ። ውሸት ለመፍጠርም አቅም ይጠይቃል።

"አይጠጡትም እማ" አልኳት። "ቀምሰው ይተፉታል። ባልዲ አለ፤ እዚያ ውስጥ ይተፉታል።"

"መርዝ መስሏቸው ነው?"

"የለም፣ የለም። ወደውት ነው።"

"ወደውት ይተፉታል?"

"ሥራቸው ነው እማ። ሲቀምሱ እንደዚያ ነው።"

ድምፅ ማጉያውን አጠፋችው። ዝናቡና ሰዉ ራቀ፤ እሷ ብቻ ቀረች።

"አንቺስ?" አለችኝ።

ቴፒ ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ ነው የሚውለው፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል፤ ዝናብ ሲመጣማ አለቀለት። ያን ዕለት ግን ጎረቤት ተቀምጣ የምታወራኝ ያህል ጥርት ብሎ ነበር። ይቆረጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተቆረጠም።

"የወደቀውን አልተፋሁም እማ" አልኳት። "አንድም አልተፋሁም፤ ሁሉንም ዋጥኩት።"

"ቀዩንስ?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማኝ፤ ያ ሳሏ ጨርሶ አልለቀቃትም።

"በዝናብ ነበርኮ የለቀምኩት" አለች።